መሠረቱ ሁልጊዜ ከታች አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ክቡር አዘጋጅ፦

በምሥራቅ ጎጃም በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነኝ። ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ ሦስት ማዕዘን መሠረትና ከፍታ ነው። የስፋቱን ቀመር ተማሪዎቼ ከእንቅልፋቸው ቢቀሰቀሱ እንኳ ይወጡታል፦ መሠረት በከፍታ ተባዝቶ ለሁለት ይካፈላል። መሠረቱ የትኛው እንደ ሆነ፣ ከፍታውም ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ ስጠይቃቸው ግን አብዛኞቹ ዝም ይላሉ።

ችግሩ ከቃላቱ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ። በእኛ አነጋገር መሠረት ማለት ተቆፍሮ የሚጣል፣ ቤት የሚቆምበት ድንጋይ ነው፤ ከፍታ ሲባልም ዓይናችን ወደ ጮቄ ተራራ ይሄዳል። ስለዚህ ልጁ በወረቀቱ ግርጌ የተጋደመውን ጎን መሠረት፣ ወደ ላይ ያዘመመውን ጎን ደግሞ ከፍታ ይለዋል፤ ደብተሩን አዙሬ ያንኑ ሥዕል ባሳየው መልሱ አብሮ ይዞራል። በጂኦሜትሪ ግን ከሦስቱ ጎኖች ማንኛውም መሠረት መሆን ይችላል። ከፍታውም ከዚያ ጎን ፊት ለፊት ካለው ጫፍ ተነሥቶ፣ በጎኑ ላይ ወይም ጎኑ በቀጥታ ቢቀጥል በሚያልፍበት መስመር ላይ፣ በ90 ዲግሪ የሚያርፈው ርቀት ነው። ጎኖቹ 6፣ 8 እና 10 ሴንቲ ሜትር የሆኑትን ሦስት ማዕዘን እንውሰድ፦ ባለ 6ቱን ጎን መሠረት ብናደርግ ከፍታው 8፣ ባለ 8ቱን ብናደርግ 6፣ ባለ 10ሩን ብናደርግ 4.8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በሦስቱም መንገድ ስፋቱ 24 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው።

ስሕተቱ በፈተና ነጥብ ብቻ አያበቃም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዘመዶቼ መካከል የውርስ መሬት ሲከፋፈል አንዱ ማሳ ባለ ሦስት ማዕዘን ነበር፤ ሁለቱ ወሰኖቹ መቶ መቶ ሜትር፣ ሦስተኛው 120 ሜትር ነው። የለካው ሰው 120ን በ100 አባዝቶ ለሁለት ከፈለና 6,000 ካሬ ሜትር ነው አለ። ከጫፉ ተነሥቶ ወደ ባለ 120 ሜትሩ ወሰን ቀጥ ብሎ የሚወርደው ርቀት 80 ሜትር ብቻ ነበር፤ ነገር ግን መካከሉ የጤፍ ቡቃያ ስለ ነበረበት ገመዱን በዚያ ያሳለፈ አልነበረም። ትክክለኛው ስፋት 4,800 ካሬ ሜትር ነው። የጎደለው 1,200 ካሬ ሜትር ግማሽ ቃዳ (ቃዳ ሩብ ሄክታር ነው) ሊሞላ ጥቂት የቀረው መሬት ሲሆን፣ ማሳው የደረሳት እኅት እኩል ደርሶሻል ተብላ ፈርማለች። እኔም በዚያ ቀን አለመገኘቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በክፍል ውስጥ የረዳኝ የግንበኛ ቱንቢ ነው። ከካርቶን ሦስት ማዕዘን ቆርጬ፣ አንዱን ጎን በተስተካከለ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አጋድሜ አቆመዋለሁ፤ ከላይኛው ጫፍ ላይ ጠጠር የታሰረበት ክር አንጠለጥላለሁ። ክሩ ወደ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ልጆቹ ከፍታውን በዓይናቸው ያዩታል፤ ካርቶኑን በሌላው ጎኑ ሳቆመው ደግሞ አዲስ መሠረትና አዲስ ከፍታ ይገኛል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርማቸው አንዱ ማዕዘኑ ከ90 ዲግሪ የሚበልጠው ነው። እሱን በአጭር ጎኑ ሳቆመው ክሩ ካርቶኑን ጨርሶ ሳይነካ ከውጭ ወርዶ በባዶው ጠርዝ ላይ ያርፋል። አንዲት ተማሪዬ «መምህር፣ ከፍታው ከቤቱ ወጣ እኮ!» ስትል፣ በሰሌዳ ላይ ለሳምንት ስደክምበት የነበረውን ነገር እንደ ተረዳችው አወቅሁ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ምስማር በጣውላ ላይ እመታለሁ፤ ላስቲክ አጥልቄበት ሦስተኛውን ጫፍ ከምስማሮቹ ጋር ትይዩ በሆነ መስመር ላይ ወዲያና ወዲህ እጎትታለሁ። ቅርጹ ይዘማል፣ ይረዝማል፣ ስፋቱ ግን አይለወጥም፤ መሠረቱም ከፍታውም እንደ ነበሩ ናቸውና። ይህን የግሪኩ ሊቅ ኤውክሊድ ከ2,300 ዓመታት ገደማ በፊት አረጋግጦታል። ለሁለት የምናካፍልበት ምክንያትም ሩቅ አይደለም፤ በቅርጽም በመጠንም እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘኖች ሁለት ሆነው ሲገጣጠሙ መሠረቱና ከፍታው ያው የሆነ፣ ተቃራኒ ጎኖቹ ትይዩ የሆኑ ባለ አራት ጎን ቅርጽ ይሠራሉ።

በላይኞቹ ክፍሎች ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሆን «ቤዝ» እና «ሃይት» የሚሉት ቃላት ይመጣሉ፤ በአማርኛ ያልጠራ ሐሳብ በዚያም ሳይጠራ ይቀጥላል። ስለዚህ መጻሕፍት የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች፣ በጋዜጣዎም ለተማሪዎች የሚጽፉ ሰዎች፣ ሦስት ማዕዘንን ሁልጊዜ እንደ ጎጆ ክዳን ቀጥ አድርገው እንዳይስሉት በአክብሮት እጠይቃለሁ። አዘንብለው፣ ገልብጠው፣ ከፍታው ከውጭ የሚያርፍበትንም ጨምረው ይሳሉልን፤ ከሥዕሉም ሥር «መሠረት» ብለው ከመጻፋቸው በፊት መሠረቱን እንዲመርጥ ለልጁ ይተዉለት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የሒሳብ መምህር
ከምሥራቅ ጎጃም