ሥዕሉ ትርፍ ሥራ አይደለም

ክቡር አዘጋጅ፣

ጸሐፊና ሠዓሊ ስለሆነው አርክቴክት ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አነበብሁት፤ ሥዕሉንና ድርሰቱን የዕረፍት ሰዓት መዝናኛ አድርጎ ማቅረቡን ግን አልተቀበልሁትም። ለምሳሌ በስዊዘርላንድ ተወልዶ በፈረንሳይ የሠራው ስመ ጥር አርክቴክት ሌ ኮርቡዚዬ (1887–1965 እ.ኤ.አ.) ለረጅም ዘመን ጠዋቱን ለሥዕል፣ ከሰዓት በኋላውን ለቢሮው መድቦ ይሠራ ነበር፤ በሕንፃዎቹ የታወቀውን ያህል በጽሑፎቹም ስለታወቀ፣ አንዱን ሙያ ከሌላው ነጥሎ ሰውየውን መረዳት ያስቸግራል። እርግጥ ብዕርና ብሩሽ ከስሕተት አያድኑም፤ ይኸው ሰው በ1936 እ.ኤ.አ. ለአዲስ አበባ የነደፈው ፕላን ነባሩን ከተማ ከቁም ነገር ያልቈጠረ፣ ለወራሪው ኃይል የቀረበ ንድፍ ነበር።

እኛ ጎንደሬዎች ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተደረደሩትን የኪሩቤል ፊቶች ቀና ብሎ ያየ ሰው፣ የግንበኛው ሥራ የት ላይ አብቅቶ የሠዓሊው የት ላይ እንደሚጀምር መለየት ይቸግረዋል፤ እኔማ ከልጅነቴ ጀምሮ ሞክሬ አልሆነልኝም። ስለዚህ በጽሑፋችሁ የቀረበውን አርክቴክት የሕንፃ ንድፎች ከሥዕሎቹ ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ በሚቀጥለው እትም እንድታወጡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢ፣ ከጎንደር