ይድረስ ለሐኪሟ ልጄ

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ከደብረ ብርሃን ብርድ በቀር ደኅና ነን። እናትሽ በሶውን ለብቻ፣ ቆሎውን ለብቻ ቋጥራ ልካለች፤ ተረኛ ስትሆኚ ቡና ብቻ ጠጥተሽ እንዳታነጊ ብላለች።

ሰዉ «ዶክተር ከሆነች በኋላ ደግሞ አምስት ዓመት ምን ትማራለች?» ይለኛል። የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ለብቻው ትምህርት እንደሆነ፣ ሥልጠናው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2006 በኖርዌይ የበርገን ሐኪሞች አጋዥነት እንደሆነ አስረዳለሁ። ሰሚ የለም። አንዲት ጎረቤታችን ራስ ምታቷን አንቺ እስክትመጪ አቆይታዋለች።

ባለፈው በስልክ «ቀዶ ጥገናው አይደለም የሚከብደኝ፤ ወጥቶ ለቤተሰብ መንገር ነው» ያልሽኝን ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። ስለ ቀዶ ጥገናው የምለው የለኝም። መርዶ ግን አገራችን የኖረበት ነገር ነው። ለአንድ ሰው ብቻውን አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተይዞ፣ ደጋፊ ከጎን ቆሞ ነው። አንቺም ከመናገርሽ በፊት «ከእርስዎ ጋር ማን አለ?» ብለሽ ጠይቂ። ደግሞ «እርስዎ» በዪ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ልጅ አባቱ የሚሆነውን ገበሬ «አንተ» ሲል ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ከመንዝ በሬውን ሸጦ የመጣ ሰው ጋቢውን አጣፍቶ ቆሞ የምትነግሪውን ሁሉ «እሺ» ይላል። «ገባዎት?» ብትይው «አዎ» ነው መልሱ። ሐኪም ፊት አልገባኝም ማለት ነውር ይመስለዋል። ስለዚህ እንዲህ አትጠይቂው። «ቤት ሲደርሱ ለባለቤትዎ ምን ብለው ይነግሯቸዋል?» በዪው፤ የጎደለው ያኔ ይታይሻል።

ይህ ነገር በተለይ አንጎላቸው ውስጥ ፈሳሽ ለሚጠራቀምባቸው ሕፃናት ይጠቅማል። ፈሳሹን ወደ ሆድ የሚያወርደው ቱቦ ሊደፈን እንደሚችል አንቺ ታውቂዋለሽ፤ አባትየው ግን «ድኗል» የሚለውን ብቻ ይዞ አገሩ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከገባ፣ ልጁ ሲያስመልሰውና እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው ቡዳ ነው ብሎ ይቀመጣል። ጠበሉን አትንቀፊበት። «ጠበሉም ይቅደም፤ ካስመለሰው ግን በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይምጣ» ብትይው ይሰማሻል።

እናቲቱንም አትርሺ። ልጇ የጀርባ አጥንቱ ሳይገጥም ሲወለድ «ምን በድዬ ነው?» እያለች ራሷን ትበላለች። ያ የሚሆነው ማርገዟን እንኳ ገና ባላወቀችበት፣ በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት እንደሆነ፣ የእርግማን ነገር እንዳልሆነ ከአፍሽ ትስማ። ለሚቀጥለው ልጅ ፎሊክ አሲዱን ከማርገዟ በፊት እንድትጀምርም ባሏ ባለበት ንገሪያት፤ ለመድኃኒቱ ገንዘብ የሚያወጣው እሱ ነውና።

ሲኒየርሽ «ቶሎ በይ» ካለሽ ሥራሽን አስቀድሚ። ስትጨርሺ ግን ተመልሰሽ ፈልጊያቸው፤ ኮሪደር ላይ ሳይሆን መቀመጫ ባለበት አነጋግሪያቸው።

አባትሽ