ፓኬጅ ከማሳደግ በፊት ግድግዳውን ማየት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ደሴ ውስጥ ኢንተርኔት ቤታቸው ያስገቡ ሰዎች የሚያነሱት ቅሬታ ተመሳሳይ ነው። ሳሎን ቁጭ ሲሉ ቪዲዮው ይሮጣል፣ ጓዳ ሲገቡ ይቆማል፣ ሰርቪስ ቤት ያለው ተከራይ ደግሞ ጭራሹን አያገኝም። ብዙው ሰው ታዲያ ፓኬጁን ያሳድጋል። ወርኃዊ ክፍያው ይጨምራል፣ ጓዳው ግን ያው ነው። ፓኬጅ የሚወስነው እስከ ራውተሩ የሚደርሰውን ፍጥነት ነውና ከዚያ ወዲያ ያለው የግድግዳው ጉዳይ ነው።

ስለዚህ መለካት ይቅደም። ላፕቶፑን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ ፍጥነቱን ማየት፣ ቀጥሎ እዚያው አጠገብ በዋይፋይ፣ በመጨረሻም ጓዳ ገብቶ መለካት። በገመድ የወጣው ቁጥር ራሱ ከተከፈለበት ካነሰ አቅራቢው ጋ መደወል ነው። በገመድ ሙሉ ሆኖ ጓዳ ሲገባ ከወረደ ግን ለአቅራቢው አንድ ብር መጨመር አያስፈልግም።

የእኛ ግቢ ለዋይፋይ አስቸጋሪ ነው። ፊት ለፊት ብሎኬት፣ ከኋላ የጭቃ ግድግዳ፣ ጥግ ላይ ቆርቆሮ የለበሰ ሰርቪስ። ወፍራም ጭቃ ሞገዱን ይመጠዋል፤ በክረምት እርጥበት ሲይዝ ደግሞ ይብሳል። ቆርቆሮ ከናካቴው አያሳልፍም፤ የሚገባው በበር፣ በመስኮትና በስንጥቅ ነው። መስታወት ያለው ቁምሳጥንም እንዲሁ ይመልሳል። ስለዚህ ለቆርቆሮ ቤት ውጭ ያለውን ራውተር በኃይለኛ መለወጥ ብዙም አይረዳም፣ ሞገዱ እዚያው ውስጥ መነሳት አለበት።

ያለ ወጪ የሚሠራው ይቅደም። ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥቶ ከወለል 1.5 ሜትር ያህል ከፍ ማድረግ፣ አንቴናውን ቀጥ አድርጎ ማቆም። ኮምቦልቻ ላይ ግን ኮርኒስ በሌለው ቤት ቆርቆሮው ሥር አይሰቀል፤ በሙቀቱ ቀትር ላይ እየጠፋ ይነሳል። ፒያሳና ሸዋ በር ቤቶቹ የተጠጋጉ ስለሆነ የጎረቤት ዋይፋይ ይደራረባል፤ ዋይፋይ ከሚሠራባቸው ሁለት የሞገድ መስመሮች በ2.4 ጊጋኸርዙ ላይ የቻናሉን ስፋት 20 ሜጋኸርዝ አድርጎ ከቻናል 1፣ 6 ወይም 11 የተሻለውን መምረጥ ነው። ሌላው መስመር፣ 5 ጊጋኸርዝ፣ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ላይ ግን ቶሎ ይደክማል። የፋይበሩን ቀጭን ገመድ ራሳችሁ አትጎትቱት፣ አትጠፉት። በደንብ ከታጠፈ ብርሃኑ ያመልጥና ሳጥኑ ላይ ቀይ መብራት ይበራል፤ ከዚያ ወዲያ ባለሙያ መጠበቅ ነው።

ሱቅ ስትሄዱ ሪፒተር፣ ማለትም ዋይፋዩን ተቀብሎ መልሶ የሚያስተላልፍ ዕቃ፣ ይሰጧችኋል። ርካሹ ዓይነት በአንድ ሬዲዮ ተቀብሎ በዚያው ስለሚልክ ፍጥነቱን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ሰዎች ደግሞ ሞገድ የሌለበት ክፍል ውስጥ ይሰኩታል፤ ያልደረሰውን ከየት አምጥቶ ያስተላልፍ? የግድ ከሆነ መሐል ላይ፣ ሞገዱ ገና ሳይደክም ይሰካ።

ለኪስ የሚስማማው ሌላ ነው፤ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ አሮጌ ራውተር ሞገድ በማይደርስበት ክፍል አስቀምጦ ከዋናው ጋር በገመድ ማገናኘት። የዋናው ራውተር አድራሻ 192.168.1.1 ከሆነ በአሮጌው ገጽ ገብታችሁ የእሱን 192.168.1.2 አድርጉት፣ በአዲሱ አድራሻ እንደገና ግቡና ዲኤችሲፒውን፣ ማለትም ለስልኮች አድራሻ የሚያድለውን፣ አጥፉት። ስምና ፓስወርዱ ከዋናው ጋር አንድ ይሁን፣ ቻናሉ ይለይ። ገመዱ በሁለቱም በኩል ላን ተብሎ በተጻፈው ቀዳዳ ይገባል፣ ኢንተርኔት መቀበያ በሆነው ዋን በሚለው ቀዳዳ ላይ አይሰካም። ዲኤችሲፒውን ማጥፋት የተረሳ እንደሆነ አንዱ ስልክ ይሠራል፣ ሌላው ዋይፋይ ይዞ ኢንተርኔት የለውም፤ ሰውም ስልኩን ይረግማል።

ገመዱን ስትገዙ ጫፉን በቢላ ፋቁት። ውስጡ ነጣ ካለ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ሲጠመዘዝ ይሰበራል። ካት 5ኢ የሚባለው ዓይነት የመዳብ ገመድ እስከ 100 ሜትር ስለሚሄድ ለማንኛውም ግቢ ይበቃል። ኮኔክተሩ (ጫፉ ላይ የሚገባው መሰኪያ) ሲታሰር ቀለሞቹ በሁለቱም ጫፍ እንዲህ ይሰለፉ፦ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ። አረንጓዴው ሰማያዊዎቹን አልፎ መቀመጡ ብዙዎችን ያሳስታል። ጥንድ ጥንዱን ጎን ለጎን ያሰረ ሰው በአጭር ገመድ ይሠራለታል፤ ገመዱ ሲረዝም ግን ይቆራረጥበታል። ግቢ የሚያቋርጠውን በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፉት፤ ፀሐይ ልባሱን ትሰነጥቀዋለች፣ የቆርቆሮ ጠርዝም ይቆርጠዋል። ከመብራት ገመድ ጋር በአንድ ቱቦ አይሂድ። ነጎድጓድ ሲጀምር ከሁለቱም ጫፍ ይነቀል።

ፋይበር ያልደረሰበት ሰፈር በሲም ራውተር የሚጠቀም ሰው ደግሞ መስኮቱን ይምረጥ። ደሴን ጦሳና ሌሎቹ ተራሮች ስለከበቧት በአንድ ቤት ውስጥ በሁለት መስኮቶች መካከል እንኳ ልዩነቱ ሰፊ ሊሆን ይችላል። በራውተሩ ገጽ ላይ የሞገዱን ጥንካሬ የሚያሳየው አርኤስአርፒ የሚለው ቁጥር ወደ -85 ከተጠጋ ጥሩ ነው፣ ወደ -115 ከወረደ ሌላ መስኮት መሞከር ነው። የተሻለው ቦታ ከተገኘ ራውተሩ እዚያው ይቀመጥ፣ ወደ ቤቱ ውስጥ ገመድ ይዘርጋ።

መብራት ሲጠፋም መላ አለው። የአዳፕተሩን ጽሑፍ አንብባችሁ 12 ቮልት ከሆነ በዚያው ቮልት የሚሰጥ ትንሽ የራውተር ባትሪ ይበቃል። 9 ቮልት የሚለውን ራውተር 12 ላይ የሰካ ሰው ራውተሩን ያቃጥላል።

አዲስ ቤት ለሚሠሩ ወገኖች አንድ ነገር እንጨምር። ልስን ከመጀመሩ በፊት ከሳሎን ጓዳ፣ ከዋናው ቤት ሰርቪስ ድረስ 20 ሚሊሜትር ቱቦ ከነመጎተቻ ሽቦው ይቀበር። ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ተጨማሪ ሥራ ጥቂት ነው። ከልስን በኋላ ግን ግድግዳ መፈልፈል ይመጣል፣ ያኔ ደግሞ ከተከራይ ጋር መነታረክ።

የኔትወርክ ዝርጋታ ባለሙያዎች፣ ከደሴ