ሜሪላንድ ፈቀደች ማለት ለግሪን ካርድ ባለቤት ተፈቀደ ማለት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፤

ባለፈው እትማችሁ ማሪዋና ሜሪላንድ ውስጥ ህጋዊ መሆኑን ጽፋችኋል። እውነት ነው። ለእኛ ሰው ግን ግማሹ ቀርቷል። የምጽፍላችሁም በዚያ በቀረው ግማሽ ምክንያት ነው።

የእህቴ ልጅ በ2021 በዲቪ መጥቶ እኔ ጋ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አረፈ። ሜሪላንድ ጁላይ 1 ቀን 2023 ዕድሜው 21 ለሞላ ሁሉ እንዲሸጥ ስትፈቅድ አንድ ሱቅ ካሸር አድርጎ ቀጠረው። የስቴቱ ፈቃድ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ልጁ ባጅ አለው፣ ታክስ ይቆረጥበታል። እሱ ራሱ አያጨስም። እኔም "መንግሥት የፈቀደውን ሥራ ብትሠራ ማን ይነካሃል?" ብዬ አበረታታሁት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዘንድሮ አምስት ዓመቱ ሲደርስ የዜግነት ፎርሙን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን መሙላት ጀመርን። የአምስት ዓመት የሥራ ታሪክ ይጠይቃል። የሱቁን ስም በትልልቁ ጻፈው። ወረድ ሲል ደግሞ አደንዛዥ ዕፅ ሸጠህ ታውቃለህ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። እስክሪብቶውን አስቀመጠና ቀና ብሎ አየኝ። በማግስቱ ጠበቃ ጋ ሄድን።

ጠበቃዋ ነገሩን አፍታታ ነገረችን። ስቴት ማንሳት የሚችለው የራሱን ህግ ብቻ ነው። ከ1970 ጀምሮ ያለው የፌዴራል ህግ ማሪዋናን ዛሬም ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዕፆች ይቆጥረዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2005፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ለህመማቸው ይጠቀሙ በነበሩ ሴቶች ጉዳይ፣ ስቴቱ ቢፈቅድም ፌዴራሉ መከልከል ይችላል ብሎ ወስኗል። ኢሚግሬሽን ደግሞ የፌዴራል ነው። በ2019 የወጣው መመሪያ በስቴት የተፈቀደ የማሪዋና ሥራ እንኳ ዜግነት ሊያስከለክል እንደሚችል በግልጽ ይናገራል። ማሪዋና መያዝም ያው ነው። ፖሊስ ሳይዝህ፣ ፍርድ ቤት ሳትቆም፣ ኢንተርቪው ላይ በአንደበትህ ማመንህ ሊበቃ ይችላል። አንዲት ቀዳዳ ያለችው ለራሱ 30 ግራም ወይም ከዚያ በታች፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ ለያዘ ሰው ነው። ሜሪላንድ የምትፈቅደው ግን አንድ ተኩል አውንስ፣ 42 ግራም ገደማ ነው! ያን ያህል የያዘ ሰው የስቴቱን ህግ ሳይነካ ከቀዳዳዋ ውጭ ቀረ ማለት ነው።

ዲሲም ሁለት አውንስ ትፈቅዳለች። እዚያው ዲሲ ያለው ሮክ ክሪክ ፓርክ ግን የፌዴራል መሬት ነው። እዚያ በተገኘበት ሰው ላይ የፌዴራሉ ህግ እስከ አንድ ዓመት እስርና ቢያንስ 1,000 ዶላር ቅጣት አለው። ልጆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ነው የሚዝናኑት።

ልጁ ሥራውን ለቆ አሁን ፓርኪንግ ይሠራል። ጠበቃዋ ማመልከቻው ይቆይ አለች። ሲመለስ ኤርፖርት ላይ ችግር እንዳይገጥመው ከአገር እንዳይወጣም መከረችው። እናቱ ደሴ ናት፣ ኩላሊቷን ታማለች። እሁድ እሁድ ስትደውል "ለፋሲካ ትመጣለህ?" ትለዋለች። እሱ ፈቃድ አልሰጡኝም ይላታል።

እባካችሁ፣ ህጋዊ ሆነ ብላችሁ በጻፋችሁ ቁጥር ዜጋ ያልሆነ ሰው ማሪዋና ከመያዙም፣ የሚሸጥበት ሱቅ ከመቀጠሩም በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር የሚል መስመር ጨምሩ። ዋሹ ማለቴ አይደለም፣ መዋሸት ራሱ ሌላ ወንጀል ነው። ያ ፎርም አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ከፈለጋችሁ የሱቁንና የልጁን ስም ሸፍኜ ፎቶውን እልክላችኋለሁ።

አክስቱ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ