«ሰላም» ውስጥ ላም አለች፦ የድምፅ ጨዋታ ክበብ የዘንድሮ ዘገባ

«እናንተ ክበብ ግን ምንድን ነው የምትሠሩት? ማጨብጨብ ብቻ?» ዘንድሮ ይህን ጥያቄ ከወላጅም ከባልደረባም ደጋግሜ ሰምቻለሁ። አዎ፣ እናጨበጭባለን። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

እስቲ «ቤት» በሉ። ሲጻፍ ሁለት ፊደል ነው፤ ለጆሮ ግን አንድ ጭብጨባ ነው። «ትምህርት» አምስት ፊደል ይዞ ጭብጨባው ሁለት ብቻ ነው፦ ትም፣ ህርት። «ተማሪ» ደግሞ ሦስት ፊደል፣ ሦስት ጭብጨባ። ፊደል የለዩት ልጆች መጀመሪያ አካባቢ በፊደሉ ቁጥር ልክ ያጨበጭቡ ነበር። ገና ያልለዩት ትንንሾቹ ግን አልተሳሳቱም። የሚያምኑት ጆሯቸውን ነዋ!

ፊደል ማስቆጠርን የሚቃወም የለም። እኔም ገበታውን ሰቅዬ ነው የማስተምረው። ግን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ሳይደናቀፍ የሚወርድ ልጅ፣ «ላም እና ላባ በምን ይመሳሰላሉ?» ስለው «ሁለቱም የእንስሳ ናቸው» ብሎኛል። ትርጉሙን እንጂ ድምፁን አልሰማውም። ክበባችን የቆመው ለዚህ ነው።

የምንገናኘው ማክሰኞና ሐሙስ ነው፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ። በመጀመሪያው ሴሚስተር ቤት የሚመቱ ቃላት ለቀምን፣ አጨበጨብን፣ መነሻ ድምፅ ለየን። ከፍ ያሉት ልጆች «ልብስ ሰፊ» እና «ሰፊ ሜዳ» ላይ አንድ ዓይነት የተጻፈው ቃል ሲነበብ ለምን እንደሚለያይ ደረሱበት። አንዱ ይጠብቃል፣ አንዱ ይላላል።

ያልተሳካም አለ። «ሰ»ን ለሁለት ክፈሉ ብዬ ቸኮልኩ። የእኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢውን አዝሎ ስለሚመጣ ልጆቹ ግራ ገባቸው፣ ሦስት ሳምንትም ባከነ። መፍትሔው ግን ግድግዳው ላይ ነበር። ገበታውን ወደ ጎን ስንሄድ፣ ሰ ሱ ሲ ሳ፣ መነሻው አንድ ነው። ወደ ታች ስንወርድ፣ ላ ማ ሳ ራ፣ አፋችን የሚዘጋው በየትኛውም መጨረሻ ላይ አይደለም፤ ሁሉም ክፍት ሆኖ ያልቃል። አንዱ የሌላውን አፍ እያየ ገባቸው። በዚያ ላይ ክፍላችን ለፈተና ስለተፈለገ አንድ ወር ሙሉ ኮሪደር ላይ ነው የሠራነው። ስለ ጩኸቱ ቅሬታ ያቀረባችሁ ይህንን እወቁልን።

አሁን ወደ ጆሮ ጉዞው ልምጣ። ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ልጆቹን ይዘን ግቢውን ዞርን። ሕጉ ቀላል ነው፦ ያየኸውን ነገር ስም ጥራ፣ ፊቱን ቁረጥ፣ የቀረውን አዳምጥ። ከመካከላቸው ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ያልሰማሁት አንድ የአንደኛ ክፍል ልጅ ነበር። ያጨበጭባል፣ ግን አይናገርም። በሩ ጋ ስንደርስ ጥበቃችን «ሰላም ልጆች!» አሉ። ልጁ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ቲቸር፣ ላም አለች!»

ሁላችንም ዞርን። ጋሼም ሳይቀሩ ወደ መንገዱ አንገታቸውን አወጡ። «የታለች?»

«ጋሼ አፍ ውስጥ!» አለ። «ሰ… ላም!»

ከዚያ በኋላ ማን ይቻላቸው። አንዷ የቢሮውን መስኮት ነካ አድርጋ «ኮት!» አለች። ሌላው ወንበር ላይ ወጥቶ «በር!» ብሎ ጮኸ። ያ ልጅ ግን ገና ላሟ ላይ ነበር። ለራሱ «ሰላም፣ ላም፣ ሰላም፣ ላም» እያለ ጋሼን ዞሮ ዞሮ ያያቸዋል። በማግሥቱ ጠዋት ጋሼ እሱን ፈልገው «እኔም አንድ አለችኝ፤ ቀለም» አሉት። ልጁ ጥቂት አሰበና «ለም» አለ። «ለም ምንድን ነው ጋሼ?» ደወሉ እስኪደወል ስለ አፈር ሲያስረዱት ከሩቅ ቆሜ አየኋቸው። ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 ብራድሊ እና ብራያንት የተባሉ ተመራማሪዎች እንግሊዝ አገር ያደረጉትን ጥናት አሳትመው ነበር። ልጆችን ለሁለት ዓመት፣ በ40 ክፍለ ጊዜ፣ ቃላትን በድምፃቸው እንዲለዩ አሠለጠኑ። በንባብ ከሁሉም የበለጡት ከድምፅ ጨዋታው ጋር የፕላስቲክ ፊደል በእጃቸው ይዘው የተማሩት ናቸው።

እኛ ፕላስቲክ የለንም፤ ካርቶን ነው የምንቆርጠው። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ከ«ሀ» ጀምረን «ተ» ቤትን እንደጨረስን ካርቶኑ አለቀ። ጥያቄ ካቀረብኩ ሁለት ሴሚስተር አለፈ። ቤታችሁ የተቀመጠ ወፍራም ካርቶን ካለ በልጆቻችሁ ቦርሳ ላኩልን። ባለው ፊደል «ላም»ን ሠርተናል። «በር»ንም ሠርተናል። መስኮቷን የነካችው ልጅ ግን «ኮት»ን እስካሁን አልሠራችም፤ «ኮ» የለንማ።