ቀጣዩ ንባባችን፦ ሀብት የሌለው ባትማን

ሰላም ውድ አባላት፣

ለቀጣዩ ንባባችን የአሜሪካውን የሥዕላዊ ታሪክ አሳታሚ የዲሲ ኮሚክስን አዲሱን «አብሶሉት» መስመር መርጫለሁ፤ የታወቁ ጀግኖችን ታሪክ እንደ አዲስ የሚተርክ ተከታታይ ነው። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2024 በባትማን ነው የጀመረው። ስኮት ስናይደር ጻፈው፣ ኒክ ድራጎታ ሣለው። እዚህ ብሩስ ዌይን፣ ማለትም ባትማን የሚሆነው ሰው፣ እንደተለመደው ሀብታም አይደለም። ሰፊ ግቢም የለው፣ የተወረሰ ገንዘብም የለው። የመምህር ልጅ ነው። አባቱ ቢገደልም እናቱ በሕይወት አለች! እኔን የነካኝ ይሄ ነው፤ አሁንም የሚሳሳላት ሰው አለችው።

ሌላዋ ጀግና ወንደር ዉማን ደግሞ ያደገችው ሲኦል ውስጥ ነው፤ አሳዳጊዋ ጠንቋይዋ ሰርሲ ናት። ሱፐርማን በኖቬምበር ተከተለ።

አሜሪካ ውስጥ አዳዲስ እትሞች የሚወጡት ረቡዕ ረቡዕ ነው። እባካችሁ ከቁጥር 1 ጀምሩ፤ መሃል ላይ ከገባችሁ ጣዕሙ ይጠፋል። ቀድማችሁ ያነበባችሁ፣ ታሪኩን እንዳትነግሩን አደራ!