የክበባት ዘገባ፦ የትንፋሽ ክበብ ዘንድሮ

ዓመቱ ሲጀመር «ኤርዌይ (የመተንፈሻ መንገድ አያያዝ) በክፍል ትማራላችሁ፣ ክበቡ ለምን አስፈለገ?» ተብለን ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ላብራቶሪያችን ገብቶ ያየ ሰው ወዲያው ያገኘዋል። ለ42 ሠልጣኝ ያለን የኤርዌይ ማኒኪን (የሰው ቅርጽ ያለው መለማመጃ) አንድ ነው። በአንድ የተግባር ክፍለ ጊዜ ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ቢደርሰው ነው። በሁለት ደቂቃ ልምምድ የሰው ትንፋሽ አደራ አይወሰድም። ክበቡን ያቋቋምነው ለዚህ ነው።

ረቡዕ ረቡዕ ከ10 ሰዓት በኋላ እንገናኛለን። አባላቱ 19 ናቸው፤ ሁሉም ነገ አምቡላንስ ላይ የሚወጡ የድንገተኛ ሕክምና ሠልጣኞች። ስለ ስብሰባዎቹ ብዙ አልልም። ሊቀመንበር ተመረጠ፣ ደንብ ጸደቀ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ማየት ለሚፈልግ ፋይሉ ቢሮዬ አለ።

የጀመርነው ከጆሮ ነው። ራሱን የሳተ ሰው ሲያንኮራፋ እንቅልፍ ወሰደው ማለት አይደለም። ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ መተንፈሻውን እየዘጋበት ነው። ብዙ ጊዜ ግንባሩን ወደ ኋላ አድርጎ አገጩን ማንሳት ይከፍትለታል። የመኪና አደጋ ከሆነና አንገቱ የሚያሰጋ ከሆነ ግን ራሱ ወደ ኋላ አይደረግም፤ መንጋጋው ብቻ ወደ ፊት ይገፋል። ጉሮሮው የሚንተከተክ ከሆነ ፈሳሽ አለ፣ በሳክሽን (ፈሳሽ በሚመጥ መሣሪያ) ይወጣል። ደረቱ ሲር ሲር ካለ ችግሩ ታች ነው፣ ቀጫጭኖቹ ቧንቧዎች ጠበዋል። ከሁሉ የሚያስፈራው ዝምታ ነው። አስም ያለበት ሰው እየተጨነቀ ደረቱ ድምፅ ካጣ፣ አየር መግባት እያቆመ ነው እንጂ ተሽሎት አይደለም። ይህን ተማሪዎቼ በእንቅልፍ ልባቸውም እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

ብዙ ጊዜ የፈጀብን አምቡ ባጉ ነው፤ መተንፈስ ላቃተው ሰው በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥበት ባለ ጭምብል ከረጢት። ሰው ሲደነግጥ እጁ ይፈጥናል። ለአዋቂ በየ6 ሰከንዱ አንድ ጊዜ፣ ያውም ደረቱ ከፍ ሲል እስኪታይ ብቻ ነው የሚጨመቀው። ከዚያ ከበዛና ከፈጠነ አየሩ ወደ ሆድ ይሄዳል፣ ሆድ ይነፋል፣ ሰውየው ያስታውካል፣ ትውከቱ ሳንባ ይገባል። ኅዳር ላይ በሰዓት ስንይዝ ከ19ኙ የ6 ሰከንዱን ልክ የጠበቁት 3 ነበሩ። ግንቦት ላይ 16 ሆኑ። ጭምብሉ ከፊት ጋር አልገጥም ብሎ አየር ሲያመልጥባት «እጄ ትንሽ ነው፣ አልችልም» ብላ ልትተው የነበረች ልጅ አለች። አንዱ ጭምብሉን በሁለት እጁ ይዞ ሌላው መጭመቅ እንደሚችል ካየች በኋላ ዛሬ ሌሎቹን የምታሠለጥነው እሷ ናት።

ያልተሳካልንም አለ። የማኒኪናችን ሳንባ ጥር ላይ ተቀደደ። በፕላስተር ለጥፈን ሁለት ወር ከገፋን በኋላ ጨርሶ ተበላሸ። መለማመጃው የኦክስጅን ሲሊንደር ባዶ ከሆነ ቆይቷል። ስለዚህ የሲሊንደር ሥራ በጥቁር ሰሌዳ ሆነ። 10 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር፣ ግፊቱ 100 ባር፣ 1,000 ሊትር ኦክስጅን፤ በደቂቃ 10 ሊትር ከፈሰሰ 100 ደቂቃ። ታማሚውን ከሸዋ ሮቢት ዳገቱን አውጥተን ደብረ ብርሃን ያደርሰናል ወይ? ተማሪዎቹ ስሌቱን ተከራክረውበታል። ቫልቩን ግን በእጃቸው አልከፈቱትም።

አሁን ክበቡ ወደ ደብረ ሲና ወዳደረገው ጉዞ ልምጣ። መንገዱ አስቸጋሪ ሆኖ ስለከረመ ሁለት ጊዜ ተሰርዟል። ሚያዝያ ላይ ተሳካ። የሚኒባሱን ኪራይ ልጆቹ አዋጥተው ከፈሉ።

ጣርማበር ስንደርስ ከዋሻው በፊት ወረድን። ጉሙ እጅ ላይ ይያዛል። ኦክሲሜትሩን (የደምን ኦክስጅን በመቶኛ የሚለካውን) ጣታቸው ላይ ሲያደርጉ የግማሾቹ ቁጥር አልሰጠም፤ ጣታቸው በብርድ ደርቆ ነበር። እጃቸውን አሹ፣ ብብታቸው ውስጥ ከተቱ፣ እንደገና ሞከሩ። የሊቀመንበሩ 91 አለ፤ መጽሐፉ ላይ ካለው ቁጥር ያንሳልና ደነገጠ። ጤነኛ ልጅ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ እንደቆመ አስታወስኩት። ደብረ ብርሃንም ቢሆን 2,800 ሜትር ገደማ ነው፣ የኦክስጅኑ ግፊት ከባሕር ጠለል ከሩብ በላይ ይቀንሳል። የመጽሐፉ ቁጥር ለቆላና ለባሕር ዳርቻ የተጻፈ ነው። እኛ አገር ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ሰውየውን ማየት ያስፈልጋል።

ደብረ ሲና መናኸሪያው አጠገብ ሰው ትን ሲለው ምን እንደሚደረግ አሳየን። እያሳለ ከሆነ ይሳል፣ ውኃ አታጠጡት። ማሳልና መናገር ካቃተው በትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ ጀርባውን ምቱ፣ ካልወጣ ከኋላ አቅፋችሁ ከእምብርቱ በላይ 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ግፉ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ሆዱ አይነካም፣ ጀርባውና ደረቱ ብቻ። ቆሎ ሻጮቹ ከሁሉ በላይ አዳመጡን። አንዷ ስንጨርስ ከመንዝ የመጣችውን ተማሪዬን በእጅጌዋ ያዘቻት። «እናቴ ትንፋሽ ያጥራታል። ሆስፒታል ፓፍ ሰጧት፣ ግን አልጠቀማትም» አለቻት። ፓፍ የምትለው በአፍ የሚሳበውን የትንፋሽ መድኃኒት ነው።

ተከትለናት ሄድን። ቤቱ ከአስፋልቱ በላይ ነው። በኩበት እሳት ቡና ተጥዷል፣ ጭሱ ቤቱን ሞልቶታል። እማማ መደቡ ላይ ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለዋል። «ግቡ… ልጆቼ… ግቡ» አሉን። ተማሪዬ ዞር ብላ አየችኝ። በአንድ ትንፋሽ አንድ ቃል ብቻ እንደወጣቸው ሰምታለች። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና ወደ በሩ አስጠጋቻቸው።

«እማማ፣ ፓፉን እንዴት ነው የሚወስዱት?» እማማ አሳዩን። አፋቸውን ከፍተው ነፉት፣ መድኃኒቱ ነጭ ጢስ ሆኖ ተመልሶ ወጣ። ወራት ሙሉ ምላሳቸው ላይ ነው ሲረጩት የኖሩት። እንዴት እንደሚሳብ ያሳያቸው የለም።

ክበቡ በየካቲት ከውኃ ጠርሙስ ስፔሰር (በፓፉና በአፍ መካከል ሆኖ መድኃኒቱ እስኪሳብ የሚይዝ ዕቃ) መሥራት ተለማምዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 በኬፕታውን አስም ባለባቸው ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት፣ 500 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ፓፉ የሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያውን በደንብ ከታሸገ ከፋብሪካው ስፔሰር እኩል እንደሚያገለግል አሳይቷል። ተማሪዬ ለማሳያ የያዘችው አንድ ጠርሙስ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፣ በሳሙና ታጥቦ ሳይወለወል የደረቀ። የእማማ ፓፍ አፉ ሰፋ ስላለ አልገባም። ቢላዋ ከኩበቱ ፍም ላይ አግላ ደጅ ወጥታ ቀዳዳውን አሰፋችው፣ ዙሪያውን በፕላስተር አሸገችው። ፓፉን ነቀነቀች፣ አንድ ጊዜ ነፋች። «ቀስ ብለው ይሳቡ እማማ። ያዝ ያድርጉት። ይልቀቁት።» ከዚያ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፣ ባይሻላቸው ይዘናቸው ልንሄድ ሚኒባሱ ዞሮ ቆሟል።

ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ከዚያ እማማ መመረቅ ጀመሩ። «እድሜና ጤና ይስጣችሁ፣ ወልዳችሁ ሳሙ፣ ዘርታችሁ ቃሙ፣ እጃችሁ አመድ አፋሽ አይሁን» አሉ፣ ሳያቋርጡ። ልጆቹ «አሜን» ይላሉ። ተማሪዬ ግን ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ቃላቱን ትቆጥር ነበር። ፊቷ በእንባ ርሷል። 14 ዓመት አስተምሬያለሁ፣ እንደዚህ ያለ ፈተና ፈትኜ አላውቅም።

ጤና ጣቢያ ሄደው እንዲታዩ፣ እሳቱም ደጅ እንዲሆን ነገርናቸው። በዚያ ብርድ እሳትን ደጅ ማውጣት ለመናገር ነው የሚቀለው። በሦስተኛው ሳምንት ልጃቸው ደወለች። ጠርሙሱን ሕፃናት ረግጠውታል። ተማሪዬ በስልክ እያስረዳቻት ሁለተኛውን ራሷ ሠራችው።

ይህን በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ስናገር ተጨበጨበልን። እናመሰግናለን። ግን አንድ ነገር በግልጽ ልበል። «በጠርሙስም ይሠራሉ» ማለት በጠርሙስ ብቻ ይሥሩ ማለት አይደለም። ስፔሰር ከጠርሙስ ይሠራል፤ የኤርዌይ ማኒኪን ከጠርሙስ አይሠራም። ሳክሽንም እንደዚያው። የምንፈልገው ብዙ አይደለም፦ አንድ የአዋቂና አንድ የሕፃን ማኒኪን፣ መብራት ሲጠፋም የሚሠራ የእግር ሳክሽን አንድ፣ የሲሊንደራችን መሙያ። ወላጆች፣ የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ ሆስፒታል የምትሠሩ ጓደኞቻችን፣ ያረጀም ቢሆን የማትጠቀሙበት ማኒኪን ካለ እኛ እንጠግነዋለን።

ጠርሙስም አምጡ። ግማሽ ሊትር፣ ከነክዳኑ። ረቡዕ ከ10 ሰዓት በኋላ ላብራቶሪው ክፍት ነው።